የፒያሳ ቃኚ

ደሴ ፒያሳ ላይ ሱቅ በቁልፍ መከፈት ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ቃኚዋ ክራሯን ይዛ በልብስ ስፌት ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ትቀመጥና አንዲት ክር ትመታለች። አንዲት ብቻ። በየደጃፉ የቆሙት ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ከዚያች ድምፅ ጋር ያስማማሉ። የተስማማው ቤት የብረት መዝጊያው በራሱ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ያልተስማማው ተዘግቶ ይቆያል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ ይስቃል። የፒያሳ ሰው ግን አይስቅም፤ ዳቦ የፈለገ ሰው የዳቦ ቤቱ ማሲንቆ እስኪስማማ ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚያ በፊት ፒያሳ ሞቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ የምትገባውን ትንሽ መሣሪያ ይዞ ይውላል፤ ጆሬ ይሏታል። ለእያንዳንዱ የሚወደውን ዘፈን መርጣ የምታሰማው እሷ ናት፤ ዕቃውንም ቤቱ ድረስ የምታስመጣለት እሷው ናት። ባልና ሚስት አንድ ገበታ ቀርበው ሁለት ዓይነት ዘፈን እየሰሙ ይበላሉ። ገበያ የሚወጣ ሰው ሲጠፋ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉና በአየር እየበረረ ለሚታደል ዕቃ ማራገፊያ ሆኑ። የሚያደምጣቸው ያጡ ሙዚቀኞችና የሚገዛቸው ያጡ ነጋዴዎች ዳቦ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው የተማማሉት ያኔ ነው። በፒያሳ ክልል ጆሬ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሙዚቀኛ ይይዛል፤ ቤትና ሙዚቀኛ ጥንድ ይሆናሉ፤ መንገዱም በአንድ ድምፅ ይከፈታል። ሰው ተመለሰ። ሐኪሞች እንኳ ለራስ ምታት "ፒያሳ ሄደህ ግማሽ ሰዓት ቁም" ብለው ይጽፉ ጀመር።

የድምፅ ቀጠና ጽሕፈት ቤት የሚባል ተቋቁሞ መሐላውን ደንብ አደረገው። ደንቡ አጭር ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጠዋት ያልተከፈተ ቤት ጥንዱ ይፈርሳል፤ ቤቱም ማራገፊያ ይሆናል። የቀኑ ድምፅ ቃኚው የሰጠው ነው። ቃኚው የሰጠው መንገዱን ካላስማማ ደግሞ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብዛኛው ቤት የተስማማበት የቀኑ ድምፅ ይሆናል፤ ያንን የሰጠ ሰውም ከዚያ ጀምሮ ቃኚ ነው።

ትርንጎ ይመር ቃኚ የሆነችው በዚሁ ነው፤ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ። ከእሷ በፊት የነበሩት ጋሽ ደጉ አንድ ጠዋት የተሳሳተ ድምፅ ሰጡ። ዕድሜ ነው፣ ጆሯቸው ከድቷቸው ነበር። መንገዱ ተደናግሮ ቆመ። ትርንጎ ከቆመችበት ደጃፍ ትክክለኛውን መታችና በሮቹ ሁሉ ለእሷ ተከፈቱ። ጋሽ ደጉ ከበርጩማቸው ተነሥተው ክራራቸውን በብብታቸው ይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ፒያሳን አልረገጡም። በርጩማው ለትርንጎ ቀረላት። "የእሷ ጆሮ ሰዓት ነው" ይላታል ሰው፤ እሷም ይህን ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች፣ ፈገግታዋ እንዳይታይባት።

ጥንዷ ይማም ልብስ ሰፊው ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆየች፤ ሰው አያስጠጋም፤ ሜትሩ ቀን ከሌት ከአንገቱ አይወርድም። እንዲህ ያለው ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አመስግኗታል፤ "ክራርሽን እየሰማሁ ስሰፋ ክሩ አይበጠስብኝም" ብሎ። ትርንጎ ያቺን ቃል እንደ ቀለበት አድርጋት ኖራለች። እሷ ስትመታ ማሽኑ ይሮጣል፣ ዘፈኑን ስታዘገየው ማሽኑም ያዘግማል። አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

የቆመው በጥቅምት ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የአራጋው ፀጉር ቤት ድሮ ከበሮ መቺ ነበረው፤ ሰውየው ወደ ልጆቹ ሄደና ቦታው ባዶ ቀረ። አራጋው ወዲያ ወዲህ ብሎ አንድ ዋሽንት ነፊ አመጣ። አንዋር ይባላል፣ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው። ዕድሜውን የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ነው የኖረው፤ በፎቅ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ብቻውን ሲነፋ አድማጭ እንዳለው አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ነፋ። ትርንጎ የራሷን ዘፈን እየመታች ነበር፤ ከኋላዋ የሆነ ነገር ጎደለባት። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ማሽኑ ነው። ዞር ስትል ይማም ወንበሩን ትቶ፣ ግማሽ የተሰፋ እጅጌ በእጁ እንደያዘ፣ በሩ ላይ ቆሞ ማዶ ማዶ ያያል።

"ምን ሁነህ ነው?" አለችው።

"እስቲ ዝም በይ" አላት፤ ክፉ ቃል መናገሩን እንኳ አላስተዋለም።

ፊቷን ወደ ክራሯ መለሰች። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልናወጣለት አንሞክር፣ እሷም አልሞከረችም። ሚስት በባሏ የምትቀናውን ያህል ቀናች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጣቷ እስኪላጥ መትታ ያላቆመችውን ማሽን፣ አንድ የሊፍት ጠጋኝ በአንድ ትንፋሽ አቆመው።

በመንገዱ መግቢያ ላይ የቆይታ ሰሌዳ የሚባል አለ፤ ሰው በየትኛው ቤት ደጃፍ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ያሳያል። ፀጉር ቤቱ አራት ደቂቃ ነበር፤ በሁለት ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ገባ። ሰው ሁሉ ፀጉር የሚቆረጥ ሆነ። መላጣው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሳይቀር አንገቱ ላይ ጨርቅ አስሮ ተራ ይዞ ሲቀመጥ ትርንጎ በዓይኗ አይታለች። አራጋው ምላጩን ይዞ ከበው ይዞረዋል፣ የሚቆረጥ ነገር ፍለጋ። የልብስ ስፌት ቤቱ ከአሥራ ሦስት ወደ ስምንት ወረደ።

መጀመሪያ ሆን ብላ አልነበረም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከጦሳ ተራራ የወረደ ጭጋግ መንገዱን ሞልቶት አደረ። ትርንጎ ክራሯን የምትወጥረው በጅማት ነው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓት ስትጠብቅ እርጥበቱ መነሻ ክሯን አላላው። አንድ ሰዓት ሲሆን መታችው። ድምፁ ከመውጣቱ መውረዱን ሰማች፤ በጣም ትንሽ ነው፣ ፀጉር ታህል። እጇን ወደ መቃኛው ላከች፤ ከዚያ ማዶውን አየችና እጇን መለሰች።

ማሲንቆው ክሩን ትንሽ አላላና ዳቦ ቤቱ ተከፈተ። የሌሎቹም እንዲሁ። ዋሽንት ግን የሚላላ ክር የለውም፤ ሸምበቆ ነው፣ አንዴ ከተቆረጠ የተቆረጠ ነው። አንዋር ነፋ፤ መዝጊያው ዝም አለ። ደግሞ ነፋ። ከንፈሩን ዝቅ አድርጎ፣ ዋሽንቱን ወደ ደረቱ አዘንብሎ፣ በስንት መከራ ድምፁን አወረደውና ፀጉር ቤቱ ከሁሉም ኋላ ተከፈተ። ግንባሩን በእጅጌው ሲጠርግ ትርንጎ ጥሩ ስሜት ተሰማት። የዚያን ዕለት ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

በማግሥቱ ጭጋግ አልነበረም። መነሻዋን በገዛ እጇ አወረደችው።

እንዲህ እያደረገች ከረመች። በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ ፀጉር ፀጉር እያለች። ጽሕፈት ቤቱ ይህን አይቆጣጠርም፤ ደንቡ "ቃኚው የሰጠው" አለ እንጂ ቃኚው ምን ይስጥ አላለም። ሙዚቀኞቹም አላወቁም። በክልሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አይገባም፤ ሰው የትናንቱን የሚያመሳክረው ከዛሬው ጋር ነው፣ የዛሬውን የምትሰጠው ደግሞ ጆሮዋ ሰዓት የሆነው ትርንጎ ናት።

አንድ ቀን አንዋር መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

"እትዬ ትርንጎ፣ ላስቸግርዎ። ዋሽንቴ ጠዋት ጠዋት አልስማማ እያለኝ ተቸገርኩ። ከእርስዎ የተሻለ ጆሮ የለምና፣ ጉድለቱ ምን ይሆን?"

ዋሽንቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ጥሩ ሸምበቆ ነው፤ ምንም ጉድለት የለበትም።

"ደርቆብህ ነው" አለችው። "ሸምበቆ ሲደርቅ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ረዘም ያለ ቁረጥ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። እኔማ ጆሮዬ መስሎኝ ስንቱን ሌሊት አላሰብኩት።"

እውነቱን ነው ያመነው። ሄዶ ረዘም ያለ ቆረጠ። እሷ አወረደች፤ እሱ ደግሞ ሌላ ቆረጠ። ቀዳዳው በብረት ይተኮሳልና የአንዋር ጣቶች ጫፍ በጠባሳ ተሞላ። አንዳንድ ጠዋት ቶሎ ይደርሳል፣ አንዳንድ ጠዋት ከሁሉም ኋላ። ነገር ግን ትርንጎ ያልጠበቀችው መጣ። ዋሽንት ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፤ የአንዋርም ድምፅ እየወረደ እየወፈረ ሄዶ ሰው ደረት ውስጥ ይገባ ጀመር። ሰሌዳው ሃያ ስድስት አለ። የክራሯ ክሮች ግን ከመጠን በላይ ላልተው መንዘፍዘፍ ያዙ፤ ቶሎ ቶሎ ስትመታቸው ይምታቱባታል። ስምንት የነበረው አምስት ገባ።

"ክራርሽ ምነው ደከመው?" አላት ይማም አንድ ከሰዓት። "ዛሬ ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ።"

"ክር ቀይር" አለችው፤ ቤቷ ገብታ ግን እንባዋ መጣ። ባለቀሰች ቁጥር ደግሞ በዚያ ሰው ባሰባት። እሱን ልጥል የቆፈርኩት ውስጥ እኔው ልገባ ነው ብላ አላሰበችም፤ ያሰበችው፣ ገና የሚበቃውን ያህል አላወረድኩትም ማለት ነው፣ የሚለውን ነው።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት በአንድ ጊዜ የሦስት ቀኑን አወረደችው። ፀጉር ቤቱ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ዋለ። በሳምንቱ ደገመችው። አራጋው በተዘጋው በሩ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሆነ፤ ሦስተኛው ጠዋት ከመጣ ጥንዱም ቤቱም የሉም። አራጋው አባቱም ከዚያው ቤት ውስጥ ፀጉር ቆርጧል።

የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ገደማ አንዋር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ልብስ ስፌት ቤቱ ገባ።

"እትዬ፣ አሁን አዲስ ቆርጬ ነው የመጣሁት። እስቲ አንዴ ይምቱልኝ።"

መታችለት። ነፋ። አንድ ሆነ።

"አዩ፣ ዛሬ ይስማማል። ነገ ጠዋት ይከዳኛል" አለና ነጠላውን በይማም መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ፈታው። አሥራ ስምንት ዋሽንት ነው። "እነዚህ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በተቆረጡበት ቀን ይስማማሉ፣ ከዚያ ይደርቃሉ። አሁንስ እጄም አልደርስ አለ፤" ጣቶቹን በረጅሙ ዋሽንት ቀዳዳዎች ላይ ዘርግቶ አሳያት፤ ትንሿ ጣቱ ቀዳዳዋን የምትነካው በጫፏ ብቻ ነው። "ነገ ካልተከፈተ መሄዴ ነው። የአራጋውን ቤት ይዤ መጥፋቴ ነው የከነከነኝ።"

ይማም ዋሽንቶቹን በተቆረጡበት ተራ ጎን ለጎን ደረደራቸው። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና አንድ በአንድ ለካቸው፤ ልማዱ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የወጣ ነገር ሳይለካ አይወርድም። ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፣ አንዱ ከሌላው በትንሽ በትንሹ እየበለጠ፣ አንዳቸውም ወደ ማጠር ሳይመለሱ። ይማም ሜትሩን ጠቀለለው። ከዚያ ትርንጎን አያት። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

"መድረቅ እንዲህ በልክ አይሄድም" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን አልክ ጋሽ ይማም?" አለ አንዋር።

"ምንም።"

አንዋር ከሁሉም አጭሯን አነሣና ለትርንጎ ዘረጋላት። "ይቺ የመጀመሪያዬ ናት። ለዚህ መንገድ አልሆነችኝም። እርስዎ ጋ ትቀመጥልኝ፣ ብዙ ነው የደከሙልኝ።"

ተቀበለችው። እሱ ሲወጣ ክራሯን ለመሄድ ትጠቀልል ጀመር። ይማም ማሽኑ ላይ ተቀምጦ መስፋት ጀመረ፤ እስክትወጣ ድረስ ቀና አላለም።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትርንጎ ቤቷ ውስጥ አጭሯን ዋሽንት ነፋችና ክራሯን በእሷ ልክ ቃኘችው። ክሮቹ ተንጨራረሩ፣ ግን ያዙ። ሐሳቧ ይኸውና፦ እውነተኛውን ድምፅ ትሰጣለች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ መንገዱን ተሻግራ ይቺን ዋሽንት አንዋር እጅ ላይ ታስቀምጣለች። በሩ ይከፈታል። ደግነቷ ይወራላታል። ያደረገችውን የሚያውቅ አይኖርም። ንስሐዋ ራሱ ታይታ ያልተለየው ነበር፤ ቢሆንም ንስሐ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ መታች።

መንገዱ ደነገጠ። የሁለት ወር ተኩል ቁልቁለት በአንድ ምት ነው የተነሣው። የዳቦ ቤቱ ማሲንቆ መቺ ጌጡ ክሩን ወጠረ፣ ወጠረ፤ የፈረስ ጭራው ጧ ብሎ ተበጠሰና ጉንጩን ገረፈው።

"እታለም፣ ምን ነካሽ!" ብሎ ጮኸ። "ይሄማ የኛ ድምፅ አይደለም!"

"እሱ ነው፣ ውጠር" አለች ትርንጎ፤ ደግማ መታችው።

ማንም አልወጠረም። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ መዝጊያው ሁሉ ተዘግቷል፤ ዳቦ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ብድግ ብላ ልትሻገር ስትል ሰው ከበባት። አንዷ ውኃ አመጣችላት። ሌላዋ ግንባሯን ዳሰሰቻት። "ጋሽ ደጉንም እንዲህ ነበር የጀመራቸው" ሲል የሰማችው ድምፅ የማን እንደሆነ አልለየችም።

አንድ ሰዓት ከሃያ። አራጋው የአንዋርን ክንድ ይዞ ይለምናል፤ "ንፋው! የትናንቱ እጅህ ላይ ነው፣ ንፋው!" አንዋር ራሱን ይነቀንቃል፤ በቃኚ ላይ አይነፋም። አራጋው የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ አሳየው። ያኔ አንዋር ዓይኑን ጨፍኖ ነፋ።

ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሁሉ የለመደው ድምፅ። ሸምበቆ ነውና አልወረደም፣ አልወጣም፤ ትናንት ትርንጎ የሰጠችው እንዳለ ነው። ከየደጃፉ "እሰይ!" የሚል ተሰማ። ሙዚቀኞቹ ወደዚያ ተመለሱ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መዝጊያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ተጠቀለሉ፤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይም የቃኚው ስም ተቀየረ። የተዘጋ አንድ ቤት ብቻ ቀረ፤ የልብስ ስፌት ቤቱ።

ይማም ከተዘጋው በር ፊት ቆሟል። "ንገሪያቸው" አላት በሹክሹክታ።

አጭሯ ዋሽንት፣ የጥቅምቱን ድምፅ የያዘችው፣ እጇ ላይ ናት። አንድ ጊዜ ብትነፋት በቂ ነው፤ ጆሮዋ እንዳልከዳት ሰው ሁሉ ያውቃል። መንገዱን ያወረደው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም እንዲሁ ያውቃል። ወይ የደነቆረች ወይ የቀናች መባል ነው፤ ሦስተኛ የለም።

አንዋር ሰዉን ገፍቶ መጣ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "እትዬ፣ አይቀየሙኝ። የራሴን አልነፋሁም፤ ወላሂ የራሴን አይደለም። የእርስዎን ድምፅ ነው የያዝኩት።"

ትርንጎ ዋሽንቷን በነጠላዋ ውስጥ ሸሸገቻት።

"አውቃለሁ" አለች። "ጆሮዬ ነው፣ ደክሟል።"

መቃኛውን ይዛ መነሻዋን አወረደች፣ አወረደች፣ እዚያ እስክትደርስ። የልብስ ስፌት ቤቱ መዝጊያ ተከፈተ። በርጩማውን አንሥታ ማዶ አሻግራ በፀጉር ቤቱ ደጃፍ አስቀመጠችለት፤ አንዋር ግን ቆሞ ስለሚነፋ አልተቀመጠበትም፣ ተራ የሚጠብቁት ናቸው የሚቀመጡበት።

ፒያሳን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት በይማም ደጃፍ ቆማ ዋሽንቱን ትጠብቃለች፤ ሲነፋ ክራሯን ከእሱ ጋር ታስማማለች። ይማም ስለዚያ ነገር ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ እሷ ስትመታ ይሰፋል፣ ማዶ ሲነፋ ማሽኑን ያቆማል። ሰው ስለ እርጅናዋ አዝኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያናግራታል። የመንገዱ ድምፅ ከእውነተኛው በስንት ፀጉር እንደወረደ ግን እያንዳንዱን ጠዋት አንድ ሳይቀር ትሰማዋለች። ጆሮዋ አሁንም ሰዓት ነው።